ክሌድ፦ ማንም የማይቀርበት «ሙሉ ሐረግ»

የሱዳኑ ገዳሪፍ ግዛት የማሽላና የሙጫ አገር ነው። ሙጫ ከሚሰጡት ዛፎች ሱዳኖቹ አንዱን ሐሻብ፣ ሌላውን ጠልህ ይሏቸዋል፤ አማርኛ ተናጋሪው ግን ሁለቱንም ግራር ብሎ ያልፋል።

ቀረብ ብሎ ላያቸው ልዩነታቸው ብዙ ነው። የጠልህ እሾህ ነጭ፣ ቀጥ ያለና ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅል ነው፤ አበባው ቢጫ ድቡልቡል፤ ግንዱን ለዳበሰው ደግሞ እጅ ላይ ዱቄት ይቀራል። የሐሻብ እሾህ አጭርና ቆልማማ ሲሆን ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ መካከለኛው ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ላይ ይታጠፋሉ። አበባውም ነጣ ያለና እንደ ጭራ የረዘመ ነው።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ዛፎች ሲመድቡ የሚጠይቁት «ይመሳሰላሉ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ከማን ተወለዱ?» ብለው ነው። አንድ ቅድመ አያትና ከእሱ የወረዱት ልጆች በሙሉ አንድ ላይ ክሌድ ይባላሉ፤ የቃሉ ምንጭ ቅርንጫፍ ማለት የሆነው የግሪክ «ክላዶስ» ነው። አመዳደቡን ሥርዓት ያስያዘው ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሄኒግ ሲሆን መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1950 ታተመ።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ወገን» አማቹንም ጎረቤቱንም ያቅፋል። «ነገድ» የሰው ሆኖ ቀርቷል። «የዘር ሐረግ» ቀረብ ይላል፤ ግን ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው አንዱን መስመር ብቻ ተከትሎ ሊወጣ ይችላል። ክሌድ ደግሞ ከአንድ አያት የወረደ አንድም ዘር እንዲቀር አይፈቅድም። ስለዚህ «ሙሉ ሐረግ» ቢባል ይሻላል፤ ቁም ነገሩ ያለው «ሙሉ» ላይ ነው።

ሐሻብንና ጠልህን በአንድ ስም ይይዝ የነበረው የድሮው «አካሲያ» የተባለ ምድብ የፈረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዘረ መል ጥናት ሐሻብ ከጠልህ ይልቅ እሾህ ለሌለው፣ ለቡና ጥላ ለሚሆነው ለሰሳ እንደሚቀርብ አሳየ። ሰሳን ውጭ ትቶ ሁለቱን ብቻ አንድ ቤተሰብ ማለት ወንድምን ከርስት መንቀል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሊቃውንት አካሲያ የሚለውን ስም 1,000 ገደማ ዝርያዎች ላሉት የአውስትራሊያ ሐረግ ሰጡ፤ በ2011 ሜልበርን ላይም ጸና። ስሙ የተወሰደው ከአፍሪካ እሾሃማ ዛፍ ስለነበር ውሳኔው ቅር ያሰኛል፤ ክፍፍሉ ግን ትክክል ነው። ሐሻብ ሴኔጋሊያ፣ ጠልህ ቫኬሊያ ተባሉ። በሱዳን የሙጫ ገበያ የሐሻቡና የጠልሁ ሙጫ ዛሬም የሚሸጠው ለየብቻው፣ በየዋጋው ነው።