ባለ ብረት እጁ ጎትስ፦ ባላባት ወይስ ሽፍታ?

በ1504 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባቫሪያ መሳፍንት በውርስ ተጣልተው በላንድስሁት ከተማ ዙሪያ ይዋጉ ነበር። ከተሰለፉት አንዱ ዕድሜው ሃያ አራት ገደማ የሆነ ጎትስ ፎን በርሊሺንገን የሚባል ባላባት ነው። አንድ የመድፍ አረር መጥቶ የገዛ ሰይፉን እጀታ መታው፤ የተሰበረው ብረት ቀኝ ክንዱን ቆርጦት እጁ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎትስ በስተርጅናው ታሪኩን ሲያስጽፍ እንደተናገረው፣ የተኮሱት የራሱ ወገን የኑርንበርግ መድፈኞች ናቸው፤ ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ ነበር የሚተኩሱት።

ለወራት ተኝቶ ሞቱን ሲመኝ ከረመ። በመጨረሻ ኮኽለ የሚባል አንድ እጅ ብቻ ኖሮት እንደማንም ይዋጋ የነበረ ወታደር ትዝ አለውና ልቡ ጠና።

የብረት እጅ አሠራ። ሁለቱ የብረት እጆቹ ዛሬም ያክስትሃውዘን በሚገኘው የቤተሰቡ ግንብ ይታያሉ። የተራቀቀው ሁለተኛው ነው። ጣቶቹ በየመገጣጠሚያቸው ይታጠፋሉ፤ በግራ እጁ እየገፋ ወደፈለገው ቦታ ካመጣቸው ውስጥ ያለው ጥርስ ይይዛቸዋል፤ ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ሞላው ፈንጥሮ ይዘረጋቸዋል። በዚህ እጅ ልጓም ይዞ ከአምሳ ዓመት በላይ ኖረ።

የኖረበት ሥራ ግን ያከራክራል። ቀድሞ ተበደልሁ የሚል ባላባት የጠብ ደብዳቤ ልኮ በግሉ መዋጋት ልማድም መብትም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን በ1495 በቮርምስ ጉባኤ ይህን ለዘለዓለም ከለከሉ። ጎትስ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው፤ ሕግ የዘጋውን ሙያ ይዞ አደገ ማለት ነው። የተኩስ ውድድር አሸንፎ 100 ጊልደን ሽልማቱን ተከለከልሁ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ሲል ከኮሎኝ ከተማ ጋር ተጣላ፤ የከተማዋንም ነጋዴዎች ማረከ። በ1512 ከላይፕሲግ ገበያ የሚመለሱ የኑርንበርግ ነጋዴዎችን መንገድ ላይ ዘረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሕግ ጥበቃ ውጭ ነው ብለው አወጁበት፤ አዋጁ የተነሣለት 14,000 ጊልደን ለመክፈል ተስማምቶ ነው። በ1516 የቫልዴክን መስፍን ማርኮ ብዙ ሺህ ጊልደን ተቀበለበት፤ በዓመቱ በኔካር ወንዝ ዳር የሆርንበርግን ግንብ ገዛ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በ1525 ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ ሲነሡ የኦደንቫልድ አመፀኞች አለቃቸው አደረጉት። እሱ በግድ ነው ይላል። አንድ ወር ያህል መራቸው፤ የአሞርባኽ ገዳም የተዘረፈው በዚያ ዘመቻ ነው። ከዚያ ወሳኙ የኮኒግስሆፈን ውጊያ ከመድረሱ በፊት ጥሏቸው ሄደ፤ ገበሬዎቹ እዚያ አለቁ። ፍርድ ቤት ነፃ ቢለቀውም የሽቫብያ ማኅበር የሚባለው የመሳፍንትና የከተሞች ኅብረት ግን አላመነውም። በ1528 አውግስቡርግ ላይ ያዘው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ የሆርንበርግን ወሰን እንዳያልፍ፣ ከግንቡም ውጭ እንዳያድር አስምሎ ለቀቀው። ከዚህ መሐላ የፈቱት በ1540 ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ናቸው፤ የሚዋጋላቸው ሰው ፈልገው ነበርና። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በ1542 ቱርኮችን ሊወጋ ወደ ሀንጋሪ፣ በ1544 ወደ ፈረንሳይ ዘመተ።

የሕይወት ታሪኩ የታተመው በ1731 ነው። መጽሐፉን ወጣቱ ጎተ አነበበው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የባህል ተቋም ያለው ባለቅኔ ማለት ነው። በ1773 ባሳተመው ተውኔት ጎትስን የነፃነት ሰማዕት አደረገው፤ በእስር ላይ ሳለ ነፃነትን እየጠራ ይሞታል። ጀርመኖች እስከ ዛሬ የሚያውቁት ይህንኑ ጎትስ ነው።

እውነተኛው ጎትስ ሰማዕት አልነበረም። ጀግንነቱ አያጠራጥርም፤ ነፃነት ያለው ግን የራሱን የባላባትነት መብት ነው፤ ነጋዴውም ገበሬውም በዚያ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ሐምሌ 1562 በሆርንበርግ ግንቡ፣ ሰማንያ ዓመት አልፎት ሞተ። የተቀበረው በሾንታል ገዳም ነው።