ውቅያኖሱ እና ኩሬው

እ.ኤ.አ. በ1966 ዴቪድ ጆንስተንና ጆን ሆር የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አትላንቲክን በመቅዘፊያ ሊሻገሩ ወጥተው ቀሩ። «ፓፊን» የተባለችው ጀልባቸው ግን በኦክቶበር ወር ተገልብጣ ስትንሳፈፍ ተገኘች። ከእነርሱ በኋላ ብቻውን ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከክንዱ በፊት ስለ ጀልባው ሊጨነቅ ይገባዋል።

ለጆን ፌርፋክስ ጀልባ የነደፈለት ኡፋ ፎክስ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ላይ ለወደቁ አብራሪዎች ከአውሮፕላን በጃንጥላ የሚወርድ የነፍስ አድን ጀልባ የነደፈው ሰው። «ብሪታኒያ» ማዕበል ቢገለብጣት ራሷን የምታቃና፣ የገባባትን ውኃ ራሷ የምታፈስስ ነበረች። ፎክስ አትገለበጥም ብሎ አልማለም፤ ተገልብጣ እንድትነሣ አድርጎ ነደፋት እንጂ። የዝግጅቱ ጥበብ ሁሉ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ልምምዱስ? ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ ውስጥ፣ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በሰርፐንታይን ኩሬ ላይ! ስንቁም አጃ፣ የቆርቆሮ ሥጋና ብራንዲ (ብራንዲዋን መርሳት አይገባም)፤ የቀረውን ዓሣ እያጠመደ ሞላው።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1969 ከግራን ካናሪያ ተነሣ። 180 ቀን ቀዝፎ ጁላይ 19 ፍሎሪዳ ደረሰ፤ ውቅያኖስን ብቻውን በመቅዘፍ የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው ተብሎም ተመዘገበ። በማግስቱ የሰው እግር ጨረቃን ረገጠ። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞችም የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤ ጻፉለት።