የፕሮሰስ ወገኖችን በስም ንድፍ የመለየት ዘዴ አመጣጥ

በአንድ ሰርቨር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮሰሶች በአንድነት ሲሠሩ፣ የአፈጻጸም መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እያንዳንዱን ለየብቻ ቢዘረዝር ለመሐንዲሱ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። የሚፈለገው በየወገናቸው ተከፍለው የፈጁት ሜሞሪና የፕሮሰሰር ጊዜ ሲደመር ነው። ወገኑን የሚወስነው ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈ የስም ንድፍ ነው።

የዚህ ንድፍ ሐሳብ የተወለደው ከቁጥጥር ሥራ እጅግ በራቀ ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ማክኩሎክና ፒትስ የነርቭ ሕዋሳትን አሠራር በሎጂክ ለመግለጽ ሞከሩ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊንም በ1951 ለራንድ ኮርፖሬሽን ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ እንዲህ ያሉ መረቦች ሊለዩአቸው የሚችሉትን የምልክት ተከታታዮች በአጭር ቀመር የመግለጫ ሥርዓት አወጣ። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የተባለው ይኸው ነው።

ቀመሩን ወደ ሥራ ያወረደው ኬን ቶምሰን ነው። በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ንድፉን ወደ አይቢኤም 7094 የማሽን ትእዛዝ የሚለውጥ ዘዴ አቀረበ። ዘዴው ሊሆኑ የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ ጎን ለጎን ይዞ ስለሚጓዝ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ማንበብ አያስፈልገውም። በ1973 ደግሞ ግሬፕ በዩኒክስ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ታየ።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች የፒኤስን የፕሮሰስ ዝርዝር በግሬፕ ያጣሩ ጀመር። ነገር ግን የግሬፕ የራሱ ትእዛዝ ንድፉን ስለሚይዝ፣ ፈላጊው ራሱ ከተፈላጊዎቹ ጋር ተሰልፎ ይገኝ ነበር። ሶላሪስ 7 በ1998 ያስገባው ፒግሬፕ ይህን አስቀረ። ሆኖም በሊኑክስ ላይ ከርነሉ የሚይዘው የፕሮሰስ ስም ከ15 ፊደል ስለማይበልጥ፣ ረጅም ስም ተቆርጦ ይቀራል። የጃቫ ፕሮግራሞችም አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም «ጃቫ» ተብለው ስለሚጠሩ የሚለዩት በሙሉው የትእዛዝ መስመር ብቻ ነው። አንድ ልል ንድፍ የባዕድ ፕሮሰስ ቢጨምር ድምሩ ይሳሳታል፤ የከፋው ግን ቁጥሩ ትክክል መስሎ መታየቱ ነው።

ሌላው አደጋ ከፍጥነት የመጣ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የቶምሰንን መንገድ ትተው፣ አንዱን አማራጭ ሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር ወደ ኋላ የሚመለሰውን ዘዴ መረጡ። ለጸሐፊው አመቺ ቢሆንም፣ በአንዳንድ ንድፍ ላይ ሥራው ከመጠን በላይ ይበዛል። ሐምሌ 2 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ክላውድፍሌር በአንድ እንዲህ ያለ ንድፍ ምክንያት ፕሮሰሰሮቹ ተጨናንቀው አገልግሎቱ ለ27 ደቂቃ ያህል ተናጋ። ከዚያ አስቀድሞ ራስ ኮክስ በ2007 የቶምሰንን ዘዴ ለአንባቢ መልሶ አስታውሶ፣ በ2010 አርኢ2 የተባለው የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ተለቅቆ ነበር። በ2012 የተጀመረው ፕሮሜቴየስ የተባለው የቁጥጥር መሣሪያም ንድፎቹን የሚጽፈው በዚሁ በአርኢ2 ሥርዓት ነው።