«ዲስኩ ሞቷል» የሚለው ማን ነው? የማከማቻ መሣሪያ ሁኔታዎች አጭር ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ታሪክ ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ ኮምፒውተር ለዲስክ ትእዛዝ ልኮ መልስ ሲያጣ ምን ብሎ ይደምድም? ዲስኩ ተበላሽቶ፣ ኬብሉ ተነቅሎ ወይም ሥራ በዝቶበት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ ግን የሚያየው ዝምታውን ብቻ ነው።

ስካዚ የተባለው የመገናኛ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ሲጸድቅ፣ ዲስኮች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያዙት በአጭር የጋራ ኬብል ነበር። በዚያ ዘመን ዝም ያለ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በእርግጥ የታመመ ዲስክ ነበር። የሊነክስ ከርነል 2.4 ትውልድም ለእያንዳንዱ መሣሪያ «በሥራ ላይ ነው» ወይም «አይደለም» የምትል አንዲት ቢት መድቦ ነበር።

ማገገሚያው የሚከናወነው በደረጃ ነው። ትእዛዙ በጊዜ ገደቡ፣ ማለትም ለዲስክ በተለምዶ በ30 ሰከንድ ውስጥ፣ ካልተመለሰ ድራይቨሩ መጀመሪያ ትእዛዙን ለመሰረዝ ይሞክራል፤ ካልተሳካለት መሣሪያውን፣ ቀጥሎ የጋራውን መስመር፣ በመጨረሻም መቆጣጠሪያ ካርዱን እንደ አዲስ ያስነሣል። ይህም ካልረዳ መሣሪያው «ከአገልግሎት ውጭ» ይባላል። እርምጃው ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ ንጹሓንን ይነካል፤ መስመሩ ዳግም ሲነሣ የጤነኞቹ ዲስኮች ሥራም ይቋረጣል።

ዲስኮች በፋይበር ቻናል አማካይነት ከኮምፒውተሩ ሲርቁ የአንዲቷ ቢት ድህነት ተገለጠ። መስመሩ ለአጭር ጊዜ ቢቋረጥ ጤነኛ ዲስኮች እንደ ሞቱ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ መስመሩ ቢመለስም ፍርዱ በራሱ አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በጀመረው የ2.6 ትውልድ ውስጥ ግን ቢቷ በሁኔታዎች ዝርዝር ተተካች፤ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚደረገውም ሽግግር በሕግ ተወሰነ። ለምሳሌ የተወገደ መሣሪያ ወደ ሥራ አይመለስም።

ከሁሉም የላቀ ትርጉም አለው የምለው «ታግዷል» የተባለው ሁኔታ ነው። መስመሩ ሲጠፋ ትእዛዞች ይያዛሉ፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። በፋይበር ቻናል የተለመደው የመጠበቂያ ገደብ 60 ሰከንድ ነው። በኋላም በመስመር መጥፋት ምክንያት ከአገልግሎት የወጣ መሣሪያ የራሱ ሁኔታ ተሰጠው፤ የፍርዱ ምክንያት ስለሚታወቅ መስመሩ ሲመለስ ፍርዱ ሊነሣ ይችላል።

ትዕግሥትም ዋጋ አለው፤ እስከዚያ ድረስ የመረጃ ቋቱ ቆሞ ይጠብቃል። ቢቸኩሉ ጤነኛው ዲስክ ይቀበራል፤ ቢዘገዩ ሥራው ሁሉ ይታገታል። በእኔ እይታ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ማሽኑ «ገና አላወቅሁም» የሚልበት ቃል ማግኘቱ ነው።