የወንዝ ልጆች

ቀብሪበያ ወንዝ የላትም። ውሃ በቦቴ ሲመጣ እየጠበቅን፣ ከብርካ እየቀዳን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሐኪሙ የጎረቤታችን የአዴር የሽንት ፊኛ ካንሰር ከወንዝ የመጣ ሊሆን ይችላል ሲል ግራ ገባኝ።

አዴር ማለት በሶማልኛ የአባት ወንድም ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነው የምንጠራው። የተወለደው ጁባ ወንዝ ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ተሰደደ፤ የቀብሪበያ መጠለያ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። ሽንቱ ደም ሲቀላቅል ሁለት ዓመት ለማንም አልተናገረም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ልጅ ሆነን ሁላችንም ደም እንሸና ነበር» አለኝ። ስሙም ካዲ ዲግ ነው፤ ደም ሽንት።

ይሄ «ሁላችንም» ረጅም ታሪክ አለው። ትሉን ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ አገኘው፤ ቢልሃርዚያ የሚለው ስም ከእሱ የመጣ ነው። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ውሃ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አንደኛው ዝርያ በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል፤ እንቁላሉ የፊኛውን ግድግዳ ለዓመታት ያቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ይህን ዝርያ ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። እኛም አገር በታችኛው አዋሽና በታችኛው ዋቢ ሸበሌ ይገኛል። አዴርን ያዘናጋው የልጅነት ደም ምናልባት የሕመሙ መነሻ ነበር።

ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ቤቱ ውስጥ የተነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማን ይዞት ይሄዳል? የት ያድራል? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የጀመረው በ1997 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። በ2004 ደግሞ ልጁን በካንሰር ያጣ አባት የማቲዎስ ወንዱ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረተ፤ ከሩቅ የሚመጡ ሕሙማን አዲስ አበባ ማረፊያ የሚያገኙበት ነው።

እኛ ጋ ግን ከማኅበር በፊት ቃራን አለ። ዘመድ የተቸገረ ዘመዱን ለመርዳት የሚያዋጣው ገንዘብ ነው። አባቴ ዘመዱ አይደለም፤ ቢሆንም ከሱቁ መሳቢያ አውጥቶ ጨመረ። አዴር በዚያ ገንዘብ ሄዶ ፊኛው ወጣለት፤ ሆዱ ላይ የሽንት ከረጢት ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ መስጊድ መሄድ ተወ። «ይሄን ይዤ እንዴት እሰግዳለሁ?» ይል ነበር። ገንዘብ ያዋጣው ሰው ሁሉ ለዚህ መልስ አልነበረውም። አንድ ቀን ሼኹ ቤቱ ድረስ መጡ። ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው የሶላቱ ሰዓት ሲገባ ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚችል ነገሩት። በጁምዓው መስጊድ ሄደ።

አሁን ሻይ ቤት ሲቀመጥ ከወንዝ ዳር የመጡትን እኩዮቹን ጠጋ ብሎ ይጠይቃል፦ «ደም ታያለህ? ባያምህም ሐኪም ጋ ሂድ።» አንዳንዱ ይቆጣዋል። እሱ ግን ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ከረጢቱን ያሳያል።