የቆዳ ሥዕል፦ ከሰም እስከ ኮምፒውተር

ዡል ባሬታ ፓሪስ ውስጥ ከተቦካ ወረቀት የተሠሩ ፍራፍሬዎችን የሚሸጥ ባለሙያ ነበር። በ1860ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው) የሴን ሉዊ ሆስፒታል ሐኪም ሻርል ላይዬ ሥራውን አዩና አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ፍሬን እንዲህ አስመስሎ የሚሠራ እጅ ችፌንና ቁስልንስ ለምን አይሠራም? ባሬታ ሆስፒታል ገባ። የበሽተኛውን ክንድ ወይም ፊት በጀሶ ይቀርጻል፣ በቅርጹ ውስጥ ሰም ያፈሳል፣ ከዚያ በሽተኛውን ከፊቱ አስቀምጦ ቀለሙን እያስተያየ ይቀባል። የሙያውን ምስጢርም ለማንም አልገለጠም። ዛሬ በሆስፒታሉ ሙዚየም ከ4,000 በላይ የሰም ቅርጾች በመስታወት ሣጥን ተደርድረው ይገኛሉ።

ካሜራም ብዙ አልዘገየም። በ1865 የለንደኑ ሐኪም ባልማኖ ስኳየር የቆዳ በሽታዎችን በፎቶግራፍ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙ በእጅ ተቀባ።

ሰሙም ፎቶውም አንድ ነገር አወረሱ። ለቅርጽና ለካሜራ የቀረቡት በአብዛኛው የአውሮፓ ከተሞች በሽተኞች ስለነበሩ በመማሪያ መጻሕፍት ሽፍታ ማለት ቀይ ሆነ። የጠቆረ ቆዳ ሲቆጣ ግን ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ቡናማ ወይም ግራጫ ይመስላል። ይህን የአገራችን እናቶች ከልጆቻቸው ገላ ያውቁታል፤ መጽሐፉ ግን ለረጅም ጊዜ አልጻፈውም።

ከዚያ ሚዛን መጣ። በ1970ዎቹ የሃርቫርዱ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ሶሪያሲስ የተባለውን በሽታ በመድኃኒትና በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲያክሙ ችግር ገጠማቸው። የጨረሩ መጠን በበሽተኛው የፀጉርና የዓይን ቀለም ይወሰን ስለነበር፣ ፀጉራቸውና ዓይናቸው ቡናማ ሆኖ ቆዳቸው ስስ የሆነ ሰዎች ተቃጠሉ። ስለዚህ በ1975 ሌላ መንገድ አወጡ፤ በሽተኛውን ራሱን፣ ፀሐይ ሲመታህ ትቃጠላለህ ወይስ ትጠቁራለህ ብሎ መጠየቅ። መልሱ ነጭ ቆዳን በአራት መደብ ከፈለ። ቡናማና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው የተጨመሩት በኋላ ነው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ መልክን ለሚለይ አማርኛ ተናጋሪ ይህ በጣም ጠባብ መደብ ነው።

ሚዛኑ ለታቀደለት ሥራ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ፀሐይን እንጂ በሽታን አይለካም። ሙዚቀኛውን ቦብ ማርሊን ያስታውሱ። በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ታይቶ ነበር፤ ከጥፍሩ ሥር የተነሣ ሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠመቀ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። በጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው።

በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ኮምፒውተርን በ129,450 ፎቶዎች አስተማሩ። ማሽኑ ካንሰርን ከተራ ማርያም የሳመችው ምልክት በመለየት ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር እኩል ሆነ። ቆይቶ ግን እንግዳ ነገር ታየ፤ ፎቶው ውስጥ ማስመሪያ ካለ ማሽኑ ካንሰር ነው ወደማለት ያደላል። ሐኪሞች ማስመሪያ የሚያስቀምጡት የሚጠረጥሩት ቁስል አጠገብ ስለሆነ ማሽኑ የተማረው ቆዳውን ብቻ ሳይሆን የሐኪሙን ጥርጣሬም ጭምር ነበር።

በ2018 ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ያንኑ የፊትዝፓትሪክን ሚዛን ፊትን ወደሚለዩ ማሽኖች አዞሩት። የ1,270 የምክር ቤት አባላትን ፎቶ ለሦስት የንግድ ፕሮግራሞች ሰጥተው ወንድ ወይም ሴት ብለው እንዲለዩ አደረጉ። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ በአንዱ ፕሮግራም 34.7 በመቶ ደረሰ፤ ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። የቆዳ በሽታውም ወረፋ በ2022 ደረሰ። ስታንፎርድ ውስጥ በናሙና ምርመራ የተረጋገጡ 656 ፎቶዎች ከልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ተሰብስበው የቆዳ በሽታ የሚለዩ ማሽኖች ሲፈተኑ በጠቆረ ቆዳ ላይ ይበልጥ ወደቁ። በእነዚሁ ፎቶዎች እንደገና ሲማሩ ልዩነቱ ጠበበ።

እንግዲህ ጥፋቱ የቆዳው አይደለም፤ ለማሽኖቹ የተሰጠው ሥዕል ነው። የተሻለ ሥዕል ከየት ይምጣ? አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሥጋ ደዌን ሲያክም የኖረ ቤት ነው። እዚያ ሐኪሙ የነጣውን ቆዳ በዓይኑ አይቶ ብቻ አያበቃም፤ ስሜት መኖሩን በጥጥ ነክቶ ያረጋግጣል። ለማሽን የሚሆነው ፎቶ ከበሽተኛው ፈቃድ ጋር መሰብሰብ ያለበት እንዲህ ነክተው ከሚያረጋግጡ ሐኪሞች እጅ ነው።

እስከዚያው፣ በውስጥ እግርዎ፣ በመዳፍዎ ወይም በጥፍርዎ ሥር አዲስ ጥቁር ምልክት ካዩ ለሐኪም ያሳዩ።