ባለሙያው ጡረታ ሲወጣ

ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ከአቧራ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። የቤት ፋይል ጠፋ ተብሎ ሲፈለግ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ባለቤቱ ከሞቱ ቆይቷል፤ በልጅየዋ ስም እየው» ይላሉ። ይገኛል። ጡረታቸው ሦስት ወር ሲቀረው አለቃችን «የሚያውቁትን ሁሉ ጽፈው ያስረክቡ» ብሎ አዘዛቸው። ጻፉ፤ አንድ ገጽ ተኩል። መደርደሪያው በቁጥር፣ ቁጥሩ በዓመተ ምሕረት፣ ቁልፉ ከጸሐፊዋ ዘንድ። ይህንንማ ሁላችንም እናውቀው ነበር። እሳቸው በሄዱ በወሩ መዝገብ ቤቱ ዕውር ሆነ። ባለጉዳይ በር ላይ ሲሰለፍ እኛ «ሽማግሌው ዕውቀታቸውን ይዘውብን ሄዱ» እያልን አማናቸው። እኔም አምቻለሁ።

ሐሜቱ ያለ ቦታው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ፣ ስለ አንድ አሜሪካዊ የሾርባ ፋብሪካ ሰው ሳነብ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው አልዶ ሲሚኖ ይባላል። ካምቤል በተባለው የታሸገ ሾርባ ኩባንያ ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሥራው ሾርባው በጣሳ ከታሸገ በኋላ የሚቀቀልባቸውን፣ እንደ ፎቅ የቆሙ ማምከኛ ማሽኖች ማከም ነበር። ጣሳዎቹ በሰንሰለት ላይ ተደርድረው በውኃ ዓምድ ውስጥ ያልፉና በእንፋሎት ክፍል ውስጥ ዞረው ይወጣሉ። ሙቀቱ ጥቂት ከወረደ ጣሳው ውስጥ የሚገድል መርዝ የሚያበጅ ተሕዋስ ሊተርፍ ይችላል። ማሽኑ ከቆመ ደግሞ በሆዱ የያዘው ጣሳ ሁሉ ለኪሳራ ይዳረጋል። ስለዚህ አንዱ ማሽን ባስቸገረ ቁጥር «ሲሚኖ ይምጣ» ይባላል፤ ሲሚኖም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይበራል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲሚኖ ጡረታ መውጫው ደረሰ። ኩባንያው «ጽፈህ አስረክብ» አላለውም። ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለሙያዎች አስመጣ። እነዚህ በዚያን ጊዜ «የዕውቀት መሐንዲስ» የሚል ማዕረግ የወጣላቸው ናቸው። ሙያውን ካስፋፉት አንዱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ፋይገንባም ሲሆን፣ ከ1965 ጀምሮ ዴንድራል በተባለ ፕሮግራም የኬሚስቶችን ዕውቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ሲደክም የቆየ ነው። ከዚያ ልፋት የተገኘው ትምህርት፣ አስቸጋሪው ማሽኑ ሳይሆን ዕውቀቱን ከሰው ማውጣቱ ነው የሚል ነበር። ባለሙያን «ሥራህን እንዴት ትሠራለህ?» ብትለው የሚነግርህ ከመመሪያው ላይ ያለውን ነው። መዋሸቱ አይደለም። እጁና ዓይኑ የሚያደርጉትን ራሱም ቆጥሮት አያውቅም። ስለዚህ የዕውቀት መሐንዲስ የሚጠይቀው በሌላ መንገድ ነው፤ «ሙቀቱ ወረደ እንበል፤ መጀመሪያ የምታየው ምኑን ነው? ለምን?» ይላል። መልሱን «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» በሚል ደንብ ይጽፋል። ደንቡን በማሽኑ ሞክሮ ለባለሙያው ያሳያል። ባለሙያው «የለም፣ እንደሱ አይደለም» ሲል ነው ዋናው ነገር ብቅ የሚለው።

ከሲሚኖ ጋር ወራት የፈጀ ሥራ ተሠራ። የተገኘው ወደ 150 የሚሆን ደንብ ነው። በዲስክ ተቀድቶ በየፋብሪካው ባለ ኮምፒዩተር ላይ ተጫነ። የአርባ ዓመት ዕድሜ በ150 ደንብ! ሳነበው ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ከአንድ ገጽ ተኩል ይሻላል።

ደንብ ደግሞ አንዴ ተጽፎ የሚቆለፍበት ነገር አይደለም። ዲጂታል ኢኩፕመንት የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በ1980 ኤክስኮን የሚባል ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለ። ሥራው የደንበኛው ትእዛዝ ከነገመዱና ከነሳጥኑ ሳይጎድል መሟላቱን ማረጋገጥ ነበር። በእርግጥም ብዙ ገንዘብ አዳነ። ነገር ግን አዲስ ዕቃ በተመረተ ቁጥር ደንቡ መቀየር ስላለበት መቶዎቹ ሺዎች ሆኑ፤ ፕሮግራሙን ለመንከባከብ ብቻ የሚቀጠሩ ሰዎች አስፈለጉ።

ሳይጠይቁ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ያየሁት ግን በሌላ ታሪክ ነው። አሜሪካ ለአንዳንድ የኑክሌር ጦር መሣሪያዎቿ ፎግባንክ የሚባል ነገር እስከ 1989 ድረስ ቴነሲ ውስጥ ታመርት ነበር። ምንነቱ እስካሁን ምስጢር ነው። ከ2000 በኋላ ነባሮቹን መሣሪያዎች ለማደስ ሲፈለግ ፋብሪካው የለም፤ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ የአሠራሩ መዝገብም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የመንግሥት ሒሳብና አሠራር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2009 ይህንኑ በይፋ ጻፈው። አዲስ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ የተገኘው ጽሑፍ በጥንቃቄ ተከትሎ ቢሞከርም ውጤቱ አልሰምር አለ። በኋላ ሲመረመር፣ በቀድሞው ጥሬ ዕቃ ውስጥ አንድ ባዕድ ቆሻሻ ነበረበት፤ ለካ ሥራውን የሚያሳምረው እሱ ኖሯል። አዲሱ ዘዴ እጅግ ንጹሕ ስለሆነ አጥቦ አስወግዶታል። የቀድሞዎቹ ሠራተኞችም አያውቁትም ነበር። እነሱን ጽፋችሁ አስረክቡ ቢሏቸው ምን ይጽፉ ነበር?

ዛሬ ነገሩ በሌላ መልክ መጥቷል። ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማስገባት ይሽቀዳደማሉ። የዛሬው ማሽን ደንብ በደንብ እየተቆጠረ አይነገረውም፤ የተጻፈ ስጠኝና አነባለሁ ይላል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የተጻፈው ከጎደለ «አላውቅም» ማለት ስለማይቀናው ክፍተቱን በሚያምር ቃል ይሞላዋል። የእኛን ሽማግሌ አንድ ገጽ ተኩል ብንሰጠው ለባለጉዳዩ ትሕትና በተሞላበት አማርኛ የመደርደሪያውን ቁጥር ይነግረው ነበር። ልጅየዋን ግን ከየት ያውቃታል?

ሥራቸውን የሚናገሩ ሰዎች ፍርሃትም መናቅ የለበትም። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ በሠራተኛው እጅ ያለውን የልማድ ዕውቀት ሰብስቦ ደንብ ማድረግ የአስተዳዳሪው ግዴታ ነው ካለ ጀምሮ፣ ሠራተኛው «ከነገርኳቸው በኋላ ምን ያደርጉኛል?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሲሚኖ ቢያንስ ጡረታው በእጁ ነበር።

ሽማግሌውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። ካርታ ከሚጫወቱት ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ያንን አንድ ገጽ ተኩል አነሣሁባቸው።

«ጻፍ አላችሁኝ እንጂ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

«እንግዲያው አሁን ልጠይቅዎት ጋሼ» አልኳቸውና፣ እሳቸው ከሄዱ ጀምሮ ያላገኘነውን የአንዲት መበለት ፋይል ነገርኳቸው። መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ፦ ቤቱ ከየትኛው መንገድ ዳር ነው? አጥሩ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው? ክርክር ነበረበት?

«ነበረበት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከጎረቤቱ ፋይል ጋር አብሮ ተሰፍቷል። ፍርድ ቤት ሲላክ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።»

በማግሥቱ ወደ ቢሮ ደወልኩ። እዚያው ነበር።